የቨርቹዋል ማሽን ዲስክን በአንድ ቁና መስፈር፦ ፕሮክስሞክስ፣ ኢኤስኤክስአይ፣ ሃይፐር-ቪ እና ኤክስሲፒ-ኤንጂ

ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቪኤምዌርን ከገዛና የፈቃድ አሸጣጡ ከተለወጠ ወዲህ ብዙ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች ወደ ፕሮክስሞክስ፣ ወደ ሃይፐር-ቪ ወይም ወደ ኤክስሲፒ-ኤንጂ ማማተር ጀምረዋል። ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ዲስኩ የቱ ላይ ይፈጥናል?» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የሚፈለገው በችኮላ ነው፦ አንድ ቨርቹዋል ማሽን እዚህ፣ አንድ እዚያ ይጫንና ክሪስታልዲስክማርክ የሚባለው የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ይሮጥበታል። አንዱ በሰከንድ 6 ጊጋባይት፣ ሌላው 500 ሜጋባይት ያሳያል፤ ውሳኔም ይሰጣል። ዲስኩ ግን ሳታ ኤስኤስዲ ነው። የሳታ 3 መስመር በስሌት እንኳ ከ600 ሜጋባይት በሰከንድ ማለፍ አይችልም። 6 ጊጋባይት ያሳየው መድረክ መረጃውን ያነበበው ከሰርቨሩ ራም ነው፤ ዲስኩን አልነካውም።

እዚህ የምናቀርበው አሠራር አራቱን መድረኮች (የቪኤምዌሩን ኢኤስኤክስአይ ጨምሮ፣ አንድን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች የሚያካፍሉትን ሃይፐርቫይዘሮች) በአንድ ሰርቨር፣ በአንድ ዲስክና በአንድ ዓይነት እንግዳ ማሽን (በላያቸው በሚሮጥ ቨርቹዋል ማሽን) ይለካል። ከሁሉም በላይ «ተጽፏል» የሚለው ቃል በአራቱም ላይ አንድ ትርጉም እንዲኖረው ያደርጋል። ለእያንዳንዱ መድረክ ግማሽ ቀን ያዙ።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ሁለት ዲስክ ያለው አንድ ሰርቨር ያስፈልጋል። አንደኛው ዲስክ ሃይፐርቫይዘሩ የሚጫንበት ነው፤ ማንኛውም ይሁን። ሁለተኛው የሚለካው ነው፤ ለሰርቨር የተሠራ፣ መብራት ሲጠፋ በመንገድ ላይ ያለውን መረጃ የሚያድን ካፓሲተር ያለው (ፒኤልፒ የሚባለው) ኤንቪኤምኢ ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌያችን 960 ጊጋባይት ዲስክና 64 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር እንያዝ።

ካፓሲተሩ ላይ የምናተኩረው በምክንያት ነው። ፒኤልፒ የሌለው የላፕቶፕ ኤስኤስዲ «መረጃው በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጥልኝ» ሲባል (ፍላሽ ወይም ኤፍሲንክ ሲጠየቅ) ወደ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ጽሕፈት በሰከንድ ይወርዳል። ፒኤልፒ ያለው ግን አሥር ሺዎችን ሊያልፍ ይችላል። ዲስኩ ራሱ እንዲህ ካነቀ በመድረኮቹ መካከል ያለው ልዩነት አይታይም፤ አራቱም እኩል ቀርፋፋ ሆነው ይገኛሉ።

ባዮስ ውስጥ የኃይል አጠቃቀሙን ወደ ፐርፎርማንስ ቀይሩ፤ ሲ-ስቴት የሚባሉትን የፕሮሰሰር እንቅልፍ ደረጃዎችም አጥፉ። የኤንቪኤምኢ አንድ ንባብ ወደ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይወስዳል። መልሱ እስኪመጣ ፕሮሰሰሩ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ከገባ ለመንቃት ብቻ አሥርና ከዚያ በላይ ማይክሮሰከንዶች ይጨምራል። እያንዳንዱ ሃይፐርቫይዘር እንቅልፉን በራሱ መንገድ ስለሚያስተዳድር ይህን ካልዘጋችሁ የምትለኩት የኃይል ቁጠባውን ይሆናል።

ዲስኮቹ ከሬድ ኮንትሮለር ጀርባ ከሆኑ የካሽ (የጊዜያዊ ማከማቻ ራሙን) ባትሪ ሁኔታ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት እዩ። ባትሪው ሲደክም ወይም ራሱን ሲፈትሽ ብዙዎቹ ኮንትሮለሮች ከራይት-ባክ (ጽሕፈቱ ካሽ ላይ ሲደርስ «ተጽፏል» ከሚለው) ወደ ራይት-ስሩ (ዲስኩ ላይ እስኪደርስ ወደሚጠብቀው) በራሳቸው ይቀየራሉ። የመጀመሪያው መድረክ ሰኞ በጤነኛ ባትሪ፣ ሁለተኛው ሐሙስ በደከመ ባትሪ ቢለካ ጥፋቱ በሁለተኛው ላይ ይላከካል። መብራት በሚቆራረጥበትና ሰርቨሩ ደጋግሞ በሚወድቅበት ቦታ ይህ ባትሪ ከተጠበቀው ቀድሞ ያረጃል።

መጀመሪያ ያለ ሃይፐርቫይዘር ለኩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ያለሱ ግን የቀረው ልፋት ትርጉም የለውም። ዲስኩ ብቻውን ምን እንደሚችል ካልታወቀ ሃይፐርቫይዘሩ ስንቱን እንደወሰደ መናገር አይቻልም።

ሰርቨሩን ከዩኤስቢ በሚነሳ ሊኑክስ አስነሱና ዲስኩን በኤንቪኤምኢ ፎርማት ትእዛዝ (ሴኪዩር ኢሬዝ 1 በሚለው አማራጭ) ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ይህን ከእያንዳንዱ አዲስ መድረክ በፊትም ድገሙት፤ ካልሆነ ሁለተኛው መድረክ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ይወርሳል። ከዚያ 301 ጊጋባይት የሆነ አንድ ክፍልፍል ፍጠሩ፤ ፋይል ሲስተም አትጫኑበት።

ቁጥሩ 301 የሆነበት ምክንያት አለው። በኋላ በየመድረኩ የሚፈጠረው ቨርቹዋል ዲስክም 301 ጊጋባይት ይሆናል። ኤስኤስዲ ያልተያዘ ቦታ በበዛለት ቁጥር ይፈጥናል፤ መነሻው ልኬት ሙሉውን 960 ቢጠቀም፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ደግሞ 301 ብቻ ቢይዝ፣ ሃይፐርቫይዘሩ ከራሱ ከዲስኩ የፈጠነ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሌላው ጥቅም ደኅንነት ነው። የዲስኩ ስም በየመድረኩ ይለያያል፦ በቨርትአይኦ ብሎክ ቪዲቢ፣ በዜን ኤክስቪዲቢ፣ በሌሎቹ ኤስዲቢ ሊሆን ይችላል። ያልተለመደ መጠን ካለው ኤልኤስብሎክ በሚለው ትእዛዝ ወዲያው ትለዩታላችሁ። የጽሕፈት ሙከራ በተሳሳተ ዲስክ ላይ ከተለቀቀ መመለሻ የለውም።

አሁን ክፍልፍሉን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ በ128 ኪሎባይት ብሎክ በተከታታይ ጻፉበት። አዲስ የተሰረዘ ኤስኤስዲ ለጥቂት ደቂቃዎች ከእውነተኛ አቅሙ በላይ ይሮጣል፤ የማከማቻ ኢንዱስትሪው ማኅበር ኤስኤንአይኤ በኤስኤስዲ መለኪያ ደንቡ ከሙከራ በፊት የዲስኩን አቅም እጥፍ መጻፍን የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ከዚያ «ሙከራው ራሱ» በሚለው ሥር ያሉትን አምስቱን ሙከራዎች በዚሁ ክፍልፍል ላይ አሂዱ፤ መነሻው ልኬት ይህ ነው።

እንግዳው ማሽን

በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፦ ዴቢያን 12፣ 4 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ለሲስተሙ 20 ጊጋባይት ዲስክ፣ ለሙከራው ለብቻው የተያያዘ 301 ጊጋባይት ዲስክ። የከርነሉ ስሪት እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ አፕዴት አታድርጉ። እንግዳው ውስጥ የሙከራ ዲስኩን አይኦ ስኬጁለር በሁሉም ላይ ወደ ኖን ቀይሩት፤ በነባሪው ከተተወ አንዱ ኤምኪው-ዴድላይን፣ ሌላው ኖን ሆኖ ሊነሳ ይችላል። በመለኪያው ሰዓት ሌላ ማሽን አይሩጥ፣ ባክአፕ አይጀመር፣ ስናፕሾት አይኑር።

በየመድረኩ የሚስተካከለው

ፕሮክስሞክስ፦ የዲስክ ኮንትሮለሩን ቨርትአይኦ ስካዚ ሲንግል አድርጉና አይኦ ስሬድን አብሩ። ካሽ «ኖ ካሽ» ላይ ይሁን። ማከማቻውን ለመጀመሪያው ዙር ኤልቪኤም (የሊኑክስ ዲስክ ማከፋፈያ) አድርጉት። ከንቱ ንጽጽር በብዛት የሚወለደው እዚህ ነው። ካሹ ራይት-ባክ ከተደረገ እንግዳው ውስጥ ዳይሬክት (የእንግዳውን ካሽ ዝለል) ብላችሁ ብትለኩም ጽሕፈቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በአስተናጋጁ ራም ላይ ነው፤ ፍላሽ እስካልተጠየቀ ድረስም እዚያው ይቆያል። «አንሴፍ» የሚለው ምርጫ ደግሞ የፍላሽ ጥያቄውን ራሱን ይውጠዋል። በዚህ የተገኘ ቁጥር ቢያምርም መብራት ሲጠፋ ዳታቤዙ አብሮ ይሄዳል። ዜድኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ ሲንክን (ጽሕፈቱ ዲስክ ላይ እስኪደርስ መጠበቅን) ማጥፋትም ከዚህ አይለይም።

ዜድኤፍኤስን መለካት ከፈለጋችሁ ለብቻው እንደ አምስተኛ መድረክ ቁጠሩት። ኤአርሲ የሚባለው የራም ካሹ በአሮጌ ጭነቶች የራሙን ግማሽ ድረስ ይወስዳል፤ ከፕሮክስሞክስ 8.1 ጀምሮ ባሉ አዳዲስ ጭነቶች 10 በመቶ፣ ቢበዛ 16 ጊጋባይት ነው። የቮልብሎክሳይዝ (የቨርቹዋል ዲስኩ ብሎክ መጠን) ነባሪው 16 ኪሎባይት ስለሆነ 4 ኪሎባይት ሲጻፍ ቀሪው 12 ተነቦ ሙሉው ብሎክ እንደገና ይጻፋል። ኤልዜድ4 መጭመቂያውም አለ፤ የሙከራው መረጃ ዜሮ ብቻ ከሆነ ዲስክ ላይ የሚደርስ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ኢኤስኤክስአይ፦ የሙከራ ዲስኩን ከሲስተሙ ዲስክ በተለየ ሁለተኛ ፒቪስካዚ ኮንትሮለር ላይ አያይዙት፤ ዓይነቱ ቲክ ኢገር ዜሮድ (ቦታው ሁሉ አስቀድሞ ዜሮ የሚጻፍበት) ይሁን። ቲን ወይም ሌዚ ዜሮድ ከሆነ እያንዳንዱ ቦታ መጀመሪያ ሲነካ ዜሮ ስለሚጻፍበት የመጀመሪያው ዙር ይጎተታል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የፒቪስካዚ ወረፋ በነባሪው ለአንድ ዲስክ 64 ጥያቄ ብቻ ይይዛል። 128 ጥያቄ በአንዴ የሚልክ ሙከራ ግማሹ እንግዳው ውስጥ ተሰልፎ ይቀራል፤ ቀርፋፋ ተብሎ የሚታማው ግን ኢኤስኤክስአይ ነው። በከርነሉ ማስነሻ መስመር ላይ ለፒቪስካዚ ድራይቨር ሲኤምዲ-ፐር-ለን 254፣ ሪንግ-ፔጅስ 32 ስጡት። ሁለቱንም ውጤት፣ ከማስተካከያው በፊትም በኋላም፣ መዝግቡ።

ሃይፐር-ቪ፦ ጀነሬሽን 2 ማሽን፣ ዲስኩ በስካዚ ኮንትሮለር ላይ፣ ዓይነቱ ፊክስድ ቪኤችዲኤክስ። ሊኑክስ አልነሳ ካለ የሴኪዩር ቡት ቴምፕሌቱን ወደ ማይክሮሶፍት ዩኢኤፍአይ ሰርተፊኬት ባለሥልጣን ቀይሩት። አስተናጋጁ ላይ ተጨማሪ አንቲቫይረስ ካለ የቪኤችዲኤክስ ፋይሎቹን እንዳይፈትሽ አግዱት። ጀነሬሽን 1ን በአይዲኢ ዲስክ ለክቶ ሃይፐር-ቪን መክሰስ አይገባም።

ኤክስሲፒ-ኤንጂ፦ ማከማቻውን የአካባቢ ኤልቪኤም አድርጉት። እዚህ እያንዳንዱን ቨርቹዋል ዲስክ አስተዳዳሪው ዶሜይን (ዶም0) ውስጥ ታፕዲስክ የሚባል አንድ ፕሮሰስ ያገለግለዋል። ስለዚህ የአንድ ዲስክ ጣሪያ በአንድ ፕሮሰሰር ኮር ጉልበት ይወሰናል፤ ብዙ ዲስክ በአንዴ ሲሠራ ግን ድምሩ ያድጋል። በአንድ ዲስክ ብቻ ለክቶ ፍርድ መስጠት ይህን መድረክ ይበድለዋል። ለዶም0 የተመደቡትን ፕሮሰሰርና ራም ጻፉ፤ ውጤቱን ይለውጣሉ።

ሙከራው ራሱ

መሣሪያው ፋዮ ነው። የሊኑክስ ብሎክ ሌየር ጠባቂ የሆነው ጄንስ አክስቦ የጻፈው ሲሆን በአራቱም እንግዶች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይሠራል። ዲዲ የሚለውን ትእዛዝ ከዜሮ ምንጭ ጋር አትጠቀሙ፤ የሚለካው ራምን ነው። የፋዮ አማራጮችን ስም እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል።

መጀመሪያ ቨርቹዋል ዲስኩን እንደ መነሻው ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ጻፉበት። ይህን የዘለለ ሰው በንባብ ሙከራ ላይ ተአምር ያያል፦ ተጽፎበት የማያውቅ የቨርቹዋል ዲስክ ቦታ ሲነበብ ሃይፐርቫይዘሩ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ዜሮ ይመልሳል፤ ዲስኩ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ለሁሉም ሙከራ የሚሠራው ይህ ነው፦ ዳይሬክት 1፣ አይኦ-ኢንጂን ሊብኤአይኦ፣ ታይም-ቤዝድ፣ ራምፕ-ታይም 60 ሰከንድ፣ ራንታይም 300 ሰከንድ፣ ሪፊል-በፈርስ (መረጃው እንዳይጨመቅ)፣ ራንድሪፒት 0 (በየዙሩ ሌላ ቦታ እንዲነካ)፣ ግሩፕ-ሪፖርቲንግ፣ ውጤቱ በጄሰን።

1. የ4 ኪሎባይት ራንደም ንባብ፣ ወረፋ (በአንዴ የሚላክ ጥያቄ ብዛት) 1፣ ጆብ (ጎን ለጎን የሚሠራ ሂደት ብዛት) 1።
2. የ4 ኪሎባይት ራንደም ጽሕፈት፣ ወረፋ 1፣ ጆብ 1፣ ኤፍዳታሲንክ 1 (ከእያንዳንዱ ጽሕፈት በኋላ ፍላሽ እንዲጠየቅ)።
3. የ8 ኪሎባይት ራንደም፣ 70 በመቶ ንባብ 30 በመቶ ጽሕፈት፣ ወረፋ 32፣ ጆብ 4። ፖስትግሬስም ኤስኪውኤል ሰርቨርም በ8 ኪሎባይት ገጽ ስለሚሠሩ የተመረጠ ነው፤ ማይኤስኪውኤል ብቻ የምታስኬዱ ከሆነ የኢኖዲቢ ገጽ 16 ኪሎባይት ነው።
4. የ1 ሜጋባይት ተከታታይ ንባብ፣ ወረፋ 8።
5. የ1 ሜጋባይት ተከታታይ ጽሕፈት፣ ወረፋ 8።

እያንዳንዱን አምስት ጊዜ አሂዱ። 5 ሙከራ በ5 ዙር፣ እያንዳንዱ 6 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ በስክሪፕት አስሩትና ሂዱ። በየዙሩ መካከል የዲስኩን ሙቀት መዝግቡ፤ ኤንቪኤምኢ ሲግል ራሱን ያዘገያል፤ አምስተኛው ዙር ከመጀመሪያው ወርዶ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

እንግዳው ዊንዶውስ ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ የማይክሮሶፍትን ዲስክስፒድ ተጠቀሙ። ካሽን የሚያጠፋውን ኤስኤች አማራጭና የመዘግየት ዝርዝር የሚሰጠውን ትልቁን ኤል አትርሱ። የዲስክስፒድን ቁጥር ከፋዮ ቁጥር ጋር ግን አታወዳድሩ።

ቁጥሩን ማንበብ

ከአምስቱ ሙከራዎች ስለ ሃይፐርቫይዘሩ በግልጽ የሚናገሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በወረፋ 1 የአንድ ሰከንድ ብዛት ማለት አንድ ሰከንድ በመዘግየቱ ሲካፈል ነው። ዲስኩ ብቻውን በ100 ማይክሮሰከንድ ከመለሰ 10,000 ንባብ በሰከንድ ይሆናል። ሃይፐርቫይዘሩ 30 ማይክሮሰከንድ ከጨመረ 130፣ ማለትም 7,692 ገደማ። የጠፋው 23 በመቶ የሃይፐርቫይዘሩ ቀረጥ ነው። ያው 30 ማይክሮሰከንድ ወረፋው 128 ሲሆን በሰልፉ ውስጥ ይሰወራል፤ ተከታታይ ንባብ ላይ ደግሞ አራቱም ዲስኩን እስከ ጣሪያው ሊያደርሱት ይችላሉ። በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ትልቅ ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ተከታታይ ንባብ ነው።

አማካዩን ብቻ አትዩ። የ99ኛውንና የ99.9ኛውን ፐርሰንታይል መዘግየት (ከመቶ 99ኙ፣ ከሺህ 999ኙ ጥያቄዎች የማያልፉትን) ጻፉ፤ ተጠቃሚው «ሲስተሙ ቆመ» የሚለው በእነሱ ነው። የኩበርኔቲስ ክላስተር የምታስኬዱ ከሆነ ለኢትሲዲ (ክላስተሩ መረጃውን ለሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ) የሚመከረው የ99ኛው ፐርሰንታይል ኤፍዳታሲንክ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ነው።

ፋዮ በስክሪን ላይ የመዘግየቱን አሃድ እንደ ውጤቱ እየለዋወጠ ያሳያል፦ አንዴ በማይክሮሰከንድ፣ አንዴ በሚሊሰከንድ። በችኮላ ወደ ሠንጠረዥ የሚገለብጥ ሰው ሺህ እጥፍ ይሳሳታል። ጄሰን ውስጥ ግን ሁልጊዜ በናኖሰከንድ ነው፤ ከዚያ ውሰዱ።

ከአምስቱ ዙሮች መካከለኛውን ውሰዱ፤ ትልቁንና ትንሹንም አጠገቡ ጻፉ። የአንዱ መድረክ አምስት ዙሮች በራሳቸው መካከል በ8 በመቶ ከተለያዩ፣ በሁለት መድረኮች መካከል የታየ የ5 በመቶ ልዩነት ምንም አይነግራችሁም። ሠንጠረዡ ላይ የእያንዳንዱን ውጤት ከመነሻው ልኬት አንጻር በመቶኛ አስቀምጡ። ከ100 በመቶ በላይ የሆነ ሁሉ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማብራሪያው ካሽ ነው።

ፍጥነቱ ስንት ፕሮሰሰር እንደበላም ለኩ። ፕሮክስሞክስ ላይ ቶፕ፣ ኢኤስኤክስአይ ላይ ኢኤስኤክስቶፕ፣ ኤክስሲፒ-ኤንጂ ላይ ዜንቶፕ ይበቃል። ሃይፐር-ቪ ላይ ታስክ ማናጀር የእንግዶቹን ፍጆታ ስለማያሳይ ፐርፎርማንስ ሞኒተር ውስጥ የሃይፐርቫይዘር ሎጂካል ፕሮሰሰር ቆጣሪዎችን ክፈቱ። ኢኤስኤክስቶፕ ተጨማሪ ስጦታ አለው፦ ዲኤቪጂ የዲስኩን፣ ኬኤቪጂ የራሱን የሃይፐርቫይዘሩን መዘግየት ለይቶ ያሳያል። ኬኤቪጂ ከፍ ካለ ወረፋ ሞልቷል ማለት ነው፤ ወደ ፒቪስካዚው ቁጥር ተመለሱ።

አራት ማሽን በአንዴ

በሥራ ላይ አንድ ማሽን ብቻውን ሰርቨር አይይዝም። እንግዳውን ወደ አራት አባዙ፤ የሙከራ ዲስኩ ለእያንዳንዱ 75 ጊጋባይት ይሁንና በድጋሚ ሁለት ጊዜ ጻፉበት። አባዝታችሁት ስታበቁ በሊንክድ ክሎን (የመጀመሪያውን ዲስክ በሚጋራ ቅጂ) አለመፈጠሩን አረጋግጡ። በአራቱም ላይ ፋዮን በሰርቨር ሁኔታ አስነሱ፤ በነባሪው በ8765 ፖርት ያዳምጣል። ከሌላ ኮምፒውተር አንድ ትእዛዝ ስትልኩ አራቱም በአንዴ ይጀምራሉ። በእጅ አንድ በአንድ ማስጀመር አይሠራም፤ የመጀመሪያው ብቻውን የሮጠባቸው ሰከንዶች ድምሩን ያሳብጡታል።

ሦስተኛውን ሙከራ በዚህ ሁኔታ አሂዱና ሁለት ነገር እዩ፦ የአራቱን ድምር፣ እንዲሁም በፈጣኑና በቀርፋፋው ማሽን መካከል ያለውን ርቀት። ድምሩ ትልቅ ሆኖ አንዱ ማሽን የሌላውን ግማሽ ብቻ ካገኘ፣ ብዙ ደንበኛ ለሚያስተናግድ ሰርቨር ያ መድረክ ያለ አይኦ ገደብ መተው የለበትም።

ማከማቻው በኔትወርክ የሚመጣ ከሆነ የመስመሩን ጣሪያ አስቀድሙ፤ የ10 ጊጋቢት መስመር በስሌት ከ1.25 ጊጋባይት በሰከንድ አይበልጥም። ኢኤስኤክስአይ በኤንኤፍኤስ ላይ ጽሕፈትን ሁሉ በሲንክ እንደሚጠይቅም አስታውሱ፤ ማዶ ያለው ዜድኤፍኤስ ፈጣን የሎግ ዲስክ ከሌለው ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከውጤቱ ጋር አብረው የሚቀመጡት የሃይፐርቫይዘሩ ሙሉ የስሪት ቁጥር፣ የባዮስና የዲስኩ ፈርምዌር፣ የካሽ ምርጫ፣ የኮንትሮለር ዓይነት፣ የፋዮ ፋይሉና የጄሰን ውጤቶቹ ናቸው። ቁጥሮቹን ለሕዝብ ልታወጡ ካሰባችሁ ደግሞ የእያንዳንዱን ሶፍትዌር የፈቃድ ስምምነት አስቀድማችሁ አንብቡ፤ የመለኪያ ውጤት ያለ ፈቃድ እንዳይታተም የሚከለክሉ የንግድ ስምምነቶች አሉ።